መዘመርም መስበክም ለማልችለው ምን አገልግሎት አለኝ?

ጥያቄ፦ ድምፄ ለመዘምራን አይሆንም፤ ሰው ፊት መናገርም ያስፈራኛል። በቤተ ክርስቲያን በምን ላገልግል?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ አገልግሎት መድረክ ብቻ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ 6 ሰባቱ ወንድሞች የተመረጡት በዕለታዊው የምግብ እደላ ችላ የተባሉትን መበለቶች እንዲያገለግሉ ነው። ኤፌሶን 4፥12 ደግሞ መሪዎች የተሰጡት ቅዱሳንን ለአገልግሎት ሥራ ለማዘጋጀት እንደሆነ ይናገራል፤ ስለዚህ መጋቢሽን «አሠልጥኑኝ» ብለሽ ለመጠየቅ አትፈሪ።

አንድ ሥራ ብቻ ያዢ። ብዙዎች ዝለው የሚያቋርጡት በአንዴ ሦስት አራት የአገልግሎት ክፍል ስለሚገቡ ነው። ለምሳሌ የታመሙትን መጠየቅ ከመረጥሽ፣ የመጀመሪያዎቹን 4 ሳምንታት ልምድ ካላት እህት ጋር ሂጂ። ቀድመሽ ደውዪ፤ ከ20 ደቂቃ በላይ አትቆዪ፤ ከመጸለይሽ በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቂ። የነገሩሽን ሕመም ደግሞ፣ ለጸሎት ርዕስም ቢሆን፣ ሳይፈቅዱልሽ ለኅብረቱ አታሰሚ። ይህ አገልግሎት በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከ3 ወር በኋላ ከመጋቢሽ ጋር ገምግሙት፤ ካልሆነልሽም ሌላ ክፍል ሞክሪ።