«ኦል ሴት?» ሲሉን ምን እንበል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ምግብ ቤት በልቼ ስጨርስ አስተናጋጇ «አር ዩ ኦል ሴት?» አለችኝ። ምንም አልፈልግም ለማለት «ኖ» አልኳት። ዝም ብላ ቆማ ጠበቀችኝ። ሥራ ቦታ ደግሞ «ጉድ ቱ ጎ» እና «አይ አም ዳውን» ከአፋቸው አይጠፋም። ሁሉም «ዝግጁ ነኝ» ማለት ነው ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እርስዎ የሰሙት «የሚጨመር አለ?» የሚል ነው። እሷ የጠየቀችው «በቅቶዎታል?» ብላ ነው። «ኦል ሴት» መሠረቱ «ሁሉም ተሟልቷል» ነዋ። «ኖ» ሲሏት «ገና ነኝ፣ የጎደለኝ አለ» ብለዋታል። ምን ልታዘዝ ብላ ብትቆም ምን ይፈረድባታል? «የስ» ቢሉ ኖሮ ሂሳብ ይመጣልዎ ነበር።

መንገድ ሊወጣ የተነሣ ሰው «ኦል ሴት» ካለ ግን ዝግጅቴን ጨርሻለሁ ማለቱ ነው። «ጉድ ቱ ጎ»ም እዚያው ሰፈር ነው። ለዕቃም ይሆናል፤ መካኒክ መኪናዎን ጠግኖ ሲያበቃ ይላታል። የድግስ ዋዜማው የኛ «ጉድ ጉድ» ዘመዷ አይደለም፤ መገጣጠሙ ግን ደስ ይላል።

«ዳውን» ዝግጅት ሳይሆን ፈቃደኝነት ነው። «ቅዳሜ ኳስ እንይ?» ሲባል «አይ አም ዳውን» ያለ ሰው በኛ «አለሁበት» ብሏል። አዲስ አበባ ላይ «ዛሬ ዳውን ነኝ» ያለ ግን ከፍቶታል፤ ቡና ይጋብዙት። የሚገርመው «አፕ ፎር ኢት»ም ትርጉሙ ያው ነው። ወጡም ወረዱም አንድ ቦታ ይገናኛሉ።

«ዝግጁ ነኝ» ስህተት የለበትም፤ ግን የዜናና የወታደር ቤት ሽታ አለው። ባል በር ላይ ቆሞ «አልጨረስሽም እንዴ?» ሲል ሚስት «ዝግጁ ነኝ» ስትል ሰምተው ያውቃሉ? «ጨርሻለሁ» ወይም «መጣሁ» ነው የምትለው። «መጣሁ» ብላ ሩብ ሰዓት ብትቆይ፣ እሱ የሰዋስው ጉዳይ አይደለም።

ለከበድ ያለ ሥራ ሲሆን አማርኛ ወገብ ይይዛል፤ «ታጥቆ ተነሣ» ይላል። የድሮ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሥራም መንገድም የሚጀመረው በመቀነት ሸብ ተደርጎ ነው። ሉቃስ 12፥35ም «ወገባችሁ የታጠቀ መብራታችሁም የበራ ይሁን» ይላል። «አደገደገ» ደግሞ ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ ለመታዘዝ ቆመ ማለት ነው። እኔ ይህን ቃል እወደዋለሁ፤ ዝግጁነትና አክብሮት በአንድ ቋጠሮ ታስረውበታል።

«መታጠቅ» ላይ ግን ይጠንቀቁ። ዛሬ «ታጣቂ» ሲባል ጆሯችን የሚሰማው ጠመንጃ ነው። ኤምባሲ በር ላይ «ታጥቄ መጥቻለሁ» ከማለት «ወገቤን ጠበቅ አድርጌ መጥቻለሁ» ቢሉ ለጥበቃውም ለእርስዎም ይሻላል።