ከሥራ ተሰናብተህ ክስ ልታስገባ ለጠየቅኸው ወንድሜ

«ከመንግሥት የልማት ድርጅት በደብዳቤ ተሰናበትኩ፤ ወደ ሥራዬ ለመመለስ ክሱን እንዴት ላስገባ?» ብለሃል። አብሽር፤ እኔም ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ የደሴን ፍርድ ቤት ደጃፍ ስጠና ከርሜያለሁ።

1. ቀን ቁጠር። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ የሥራ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። እኔ የተሰናበትኩት ጥቅምት 12 ነው። አለቃዬ «ምን መካሰስ ያስፈልጋል፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት አቤት በል» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁና አመንኩት። ሁለት ማመልከቻ ላክሁ፤ «እየታየ ነው» እያሉ ጥር አስገቡኝ።

2. የማስረጃ ዝርዝር። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 223 የምስክሮችን ስም ከነአድራሻቸው፣ ሰነዶቹንና ዋናው ቅጂ በማን እጅ እንዳለ ዘርዝረህ ከክሱ ጋር አያይዝ ይላል። እኔ ይህን መቼ አውቄ! በከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ ክሴን ብቻ ይዤ መስኮቱ ጋ ቆምሁ። ሠራተኛዋ ሻይዋን እያማሰለች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ ወረቀቴን በጣቷ ጫፍ ገፋ አድርጋ «ይጎድለዋል» አለች። ምኑ ብላት «እኔ ጠበቃህ አይደለሁም»። ውጭ ያገኘሁት ራፖር ጸሐፊ (ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ) የጎደለውን በአንድ ቃል ነገረኝ። በማግሥቱ ጥምቀት ነው። በ12 የምስክሮቼን አድራሻ ፍለጋ ዞርሁ። በ13 ለተከሳሽ የሚደርሰውን ቅጂ ላስነሣ ብል መብራት የለም። መዝገቡ የተከፈተው ጥር 14 ነው።

ሦስት ወሩ ያለቀው ጥር 12 ነበር፤ ያለፈኝ ሁለት ቀን! የድርጅቱ ነገረ ፈጅ ስለ ጥፋቴ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይርጋን በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ማለትም ዋናው ጉዳይ ሳይታይ በሚቀርብ ተቃውሞ፣ አነሣ። ለአለቃ የሚጻፍ አቤቱታ ይርጋን እንደማያቋርጥ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት አመልክቼ ቢሆን ግን እንደሚያቋርጥ ያን ዕለት ከዳኛው አፍ ሰማሁ። የማመልከቻዎቼን ግልባጭ እስከ ዛሬ አልጣልሁም፤ ሳያቸው ያመኛል።

3. አማራጭ ዳኝነት ጠይቅ። ይህችን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ያሰብኋት፦ «ወደ ሥራዬ ልመለስ፤ ይህ ባይሆን ካሣና የስንብት ክፍያ ይወሰንልኝ» ብዬ ነበር። ከስንብት ለሚመነጭ ክፍያ ይርጋው 6 ወር ነውና መዝገቡ ከነሕይወቱ ተረፈ። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ የ180 ቀን ደመወዝ ካሣ ከስንብት ክፍያው ጋር ተፈረደልኝ። ነገረ ፈጁ ፋይሉን ሲዘጋ ያየሁትን ፊት በገንዘብ አልለውጠውም። ወንበሬ ላይ ግን ዛሬ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

ደብዳቤው የደረሰህ መቼ እንደሆነ አልጻፍህም። ቀኑን ጻፍልኝና አብረን እንቁጠር። ዋናው መሥሪያ ቤት «እየታየ ነው» ብሎህ ከሆነ ደግሞ መልስ ሳትጠብቅ ነገ ጠዋት ዝርዝርህን ይዘህ መስኮቱ ጋ ተገኝ።