ሉፐስ ያለባት ልጅ ጎኗን ሲወጋት

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ሉፐስ አለባት፤ ፕሬድኒሶሎንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ትወስዳለች። ሰሞኑን ስትተነፍስ ጎኗን ይወጋታል፣ ደረቅ ሳልም ጀምሯታል። ብርድ ይሆን? ወይስ መድኃኒቱን ላቁም?
እናት፣ ከአዘዞ (ጎንደር)

መልስ፦ እህታችን፣ ብርድ ነው ብለው አይቆዩ፤ ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይውሰዷት። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) የልጆችን ሳንባ ሲነካ በብዛት የሚታየው የሳንባ ሽፋን መቆጣት ነው። በረጅሙ ሲተነፍሱና ሲያስሉ ይወጋል፣ አንዳንዴም በሽፋኑ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። ችግሩ ግን ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም የሳንባ ምችና ቲቢም በዚሁ መልክ ይመጣሉ። ስለዚህ የመድኃኒቱ መጠን ከመጨመሩ በፊት ራጅ፣ የደም ምርመራና የአክታ ጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ምርመራ) ይጠይቁ፤ ውሃ ከተገኘም በመርፌ ተቀድቶ ይመርመር።

ፕሬድኒሶሎንን በራስዎ በፍጹም አያቋርጡ! ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ይቀንሳል፤ ድንገት ሲቆም የደም ግፊት ሊወድቅ ይችላል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የጤነኛ ልጅ የደም ኦክስጅን ልኬትም ከቆላው ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል። ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ግን ከፍታው ነው ተብሎ አይታለፍም።

ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ደም ከሳለች፣ ወይም አርፋ ሳለ ሙሉ ደቂቃ ቆጥረው ትንፋሿ ከ30 ካለፈ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ያድርሷት። ሳንባ ውስጥ የሚደማ ደም ሁልጊዜ በሳል አይወጣም፤ ትንፋሽ እያጠራት ድንገት ከገረጣች ሄሞግሎቢኗ (የደም ማነስን የሚያሳየው ልኬት) በዚያው ሰዓት ይለካ።