2.7 ይዛችሁ ትራንስፈር ለምትጠይቁ

እዚህ አሜሪካ ከኮሙኒቲ ኮሌጅ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ስነሣ ጂፒኤዬ (አማካይ ውጤቴ) ከ4.0 2.7 ነበር። ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ፤ ጠዋት ኬሚስትሪ ክላስ ገብቼ አንቀላፋለሁ። ያኔ የጻፍኩት ኤሴይ ግን ስለ ፓርኪንጉ አንዲት ቃል አልነበረውም። «ከልጅነቴ ጀምሮ የሳይንስ ፍቅር ነበረኝ» ይላል። በኬሚስትሪ ሲ ያመጣ ሰው እንዲህ ሲል አንባቢው ምን ይበል?

እንዲያ ያስጻፈኝ ይሉኝታ ነው። እኛ ዘንድ ችግርን መዘርዘር ልመና ይመስላል። ነገር ግን በሳምንት 35 ሰዓት እንደምትሠሩ፣ እናታችሁን ሐኪም ቤት እየወሰዳችሁ እንደምታስተረጉሙ ካልነገራችሁት ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው በምን ይወቅ? እሱ የሚያየው ሲውን ብቻ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲ) ማመልከቻም ሆነ ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚቀበሉት ማመልከቻ፣ ኮመን አፕ፣ ሥራ የሚሞላበት ቦታ አላቸው፤ በሳምንት ስንት ሰዓት ብለውም ይጠይቃሉ። ኡበርም ይሁን አረጋውያን መንከባከብ፣ ሙሉት። ሥራ ነው።

ኤሴዩ ላይ ደግሞ ለቅሶ አታብዙ። ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ሙሉ ሰዓት እየሠራሁ 15 ክሬዲት ወሰድኩ፤ ሁለት ሲ አመጣሁ። በቀጣዩ ሰሚስተር ሺፍት ቀንሼ 12 ወሰድኩ። ካልኩለስን በኤ ጨረስኩ።» ከዚያ ወደምትማሩት ነገር እለፉ። አስተማሪ መውቀስ አይግባበት፤ እውነት ከእናንተ ጋር ብትሆንም።

አሁን ሒሳቡን እንይ። 45 ክሬዲት በ2.7 የጨረሰ ሰው ቀጣዩን 15 ክሬዲት በሙሉ ኤ ቢያመጣ 3.03 አካባቢ ይደርሳል። አማካዩ ብዙም አልተነቃነቀም። ትራንስክሪፕቱን የሚያነብ ሰው ግን የመጨረሻውን ሰሚስተር ያያል፣ በተለይ የሜጀራችሁን ክላሶች። ስለዚህ ጂፒኤ ለማሳበጥ ብላችሁ ቀላል ክላስ አትሰብስቡ። ኢንጂነሪንግ የሚያመለክት ሰው በፊዚክስ ያመጣው ቢ፣ ከማይገናኝ ክላስ ኤ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

በሩንም ምረጡ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ፣ ለትራንስፈር የተዘጋጀውን አሶሼት ዲግሪ ስትጨርሱ 2.0 ቢኖራችሁም በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ይጠበቅላችኋል፤ የትኛው ካምፓስ የሚለው ነው የማይታወቀው። በዩሲ በኩል ታግ የሚባል የመግቢያ ዋስትና ስድስት ካምፓሶች ይሰጣሉ፤ በርክሌይ፣ ዩሲኤልኤ እና ሳንዲያጎ የሉበትም። የሚጠይቁት ጂፒኤ ይለያያል፣ ማመልከት የሚቻለውም ለአንድ ካምፓስ ብቻ ነው። ቅጹ የሚሞላው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ነው፤ ብዙዎቻችን የምንሰማው ካለፈ በኋላ ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁ ኖቫን (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅን) ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር ስለሚያያይዘው አድቫንስ ስለሚባለው ፕሮግራም ጠይቁ። አድቫይዘር ጋ ስትሄዱ «ምን ልውሰድ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ከዚህ ትምህርት ቤት ጋር የትራንስፈር ስምምነት አለን ወይ?» በሉ።

የድጋፍ ደብዳቤ ዩሲ በአብዛኛው አይቀበልም። የሚቀበል ትምህርት ቤት ካለ፣ ኤ ከሰጣችሁ ይልቅ ቢሮው ስትመላለሱ ያያችሁን አስተማሪ ጠይቁ።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። ያቋረጣችሁትን ኮሌጅ አትደብቁ። አዲስ አበባ አንድ ዓመት ተምራችሁ ውጤቱ ካሳፈራችሁም ጻፉት። ኋላ ከተገኘ የተሰጣችሁ ቦታ ሊሰረዝ ይችላል። ትራንስክሪፕቱን ከአገር ቤት ማስላክ ደግሞ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ የሚከታተልላችሁ ዘመድ ከአሁኑ ፈልጉ።