ያለፈው ወሊድ ከብዶኝ ነበር፤ ቀጣዩን የት ልውለድ?

ባሕር ዳር ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ዛሬ ማታ ተረኛ ስላልሆንኩ ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ያለፈው ወሊዳችሁ ችግር የነበረበት፣ አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ጠይቁኝ። ካርዳችሁን ሳላይ ስለምመልስ የመጨረሻውን ቃል የክትትል ሐኪማችሁ ይበል።

ሲስተር፣ የመጀመሪያ ልጄን ከ3 ዓመት በፊት በኦፕራሲዮን ወለድኩ። አሁን 7 ወሬ ነው። ቤቴ ዘንዘልማ ነው፣ ጤና ጣቢያ ይቀርበኛል፣ አዋላጇም ታውቀኛለች። እዚያው በምጥ መውለድ እችላለሁ?

በምጥ መውለድ ትችይ ይሆናል። ጤና ጣቢያ ግን አይሆንም። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ፍርሃታችን የድሮው ስፌት በምጥ ጊዜ እንዳይከፈት ነው። ማህፀናቸው አንዴ ብቻ፣ ከታች በኩል አግድም ከተቀደደ 1000 እናቶች በምጥ ሲሞክሩ ይህ የሚደርስባቸው ከ5 እስከ 7 የሚሆኑት ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ሲደርስ ግን የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። አብዛኛው ጤና ጣቢያ ኦፕራሲዮን ክፍል የለውም። ሪፈር እስኪጻፍ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል?

ከሚሞክሩት ከ10ሩ ከ6 እስከ 8ቱ በምጥ ይወልዳሉ። ያኔ የተሠራሽው ልጁ በቂጡ መጥቶ ከሆነ ዕድልሽ ጥሩ ነው። ምጡ ረዝሞ አልወጣ ብሎ ከሆነ ትንሽ ይቀንሳል። 3 ዓመት መራራቁም መልካም ነው። ክትትልሽን እዚያው ከምታውቅሽ አዋላጅ ጋር ቀጥይ፤ ሆስፒታልም ሄደሽ ከአሁኑ ታዪ። ለምጡ ግን ሆስፒታል።

የእኔ ጠባሳ አግድም ነው። ስለዚህ ችግር የለውም አይደል?

ሆድሽ ላይ የምታዪው የቆዳውን ነው። ማህፀኑ የተቀደደው በሌላ አቅጣጫ ሊሆን ይችላል።

አንድ ክረምት አንዲት እናት የመውጫ ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ዝናቡ አበስብሷት ነበር፤ ወረቀቱ ግን ደረቅ ነው። የሆዷ ጠባሳ ቀጭን፣ አግድም፣ የሚያምር። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ማህፀኗ ከላይ ወደ ታች እንደተቀደደ ተጽፏል። እንዲህ ዓይነቷ እናት ምጥ አትሞክርም። ምጥ ሳይጀምራት በቀጠሮ ተሠራላት። ያ ወረቀት ባይኖር ምን ልናደርግ እንደነበር ሳስበው እስካሁን ይጨንቀኛል።

ወረቀትሽ ከጠፋ የወለድሽበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሂጂ። ሙሉ ስምሽንና የወለድሽበትን ቀን ይዘሽ ጠይቂ። የኦፕራሲዮን መዝገብ አላቸው። ቢያመላልሱሽም አትተይው።

ከዘጌ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ ባለፈው ስትወልድ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ብዙ ደም ፈሷት፣ ደም ተሰጥቷት ነው የተረፈችው። አሁን 8 ወሯ ነው። ምጡ ሲጀምራት በጀልባ ባመጣትስ?

ወንድሜ፣ አይሆንም። አንዴ እንዲህ የደማች ሴት ሊደገምባት ይችላል። ጣናን ደግሞ ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ። ጠዋት እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ማታ ደግሞ ማን ደፍሮ ይቀዝፋል? በየብስ ብትመጣም ሌሊት መኪና ማግኘት ራሱ ሌላ ምጥ ነው።

38 ሳምንት ሳይሞላት ወደ ከተማ አምጣት። ዘመድ ካላችሁ እዚያ ትረፍ። ከሌላችሁ የእናቶች ማቆያ ቤት ጠይቁ። ግን ማቆያው የጤና ጣቢያ ነው ወይስ የሆስፒታል? ለእሷ የሚሆናት ደም ያለበት ሆስፒታል አጠገብ ያለው ነው። ከአሁኑ የደም ዓይነቷ ይታወቅ፣ የደም መጠኗ ይለካ፣ የብረት ክኒኗን አታቋርጥ። ደም የሚሰጡ ሁለት ጤነኛ ዘመዶችም አነጋግር። ልጁ እንደተወለደ ማህፀን የሚያኮማትር መርፌ ትወጋለች። ታሪኳን ግን ገና ስትገባ ተናገሩ፤ እኛ አዋላጆች ስንጣደፍ ሳንጠይቅ እናልፋለን።

የግል ይሻላል የመንግሥት?

ይህች ጥያቄ ሁሌም ትመጣለች። እኔ የማየው ሌሊቱን ነው።

የመንግሥት ሆስፒታል ይጨናነቃል፣ አስታማሚ ይከለከላል፣ አንዳንዴም ፊት ይጠቁርብሻል። ግን ፈለገ ሕይወትን ወይም በአዴት መንገድ ያለውን ጥበበ ግዮንን ብትወስጂ፣ ከሌላ ሆስፒታል የከበዱ እናቶች የሚላኩት ወደ እነሱ ነው። ታዲያ መጨረሻሽ እዚያ ከሆነ ለምን ከዚያ አትጀምሪም? በመንግሥት ተቋም የወሊድ አገልግሎትም ነፃ ነው።

የግል ከመረጥሽ ሄደሽ ጠይቂ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልገኝ ሐኪሙና ሰመመን ሰጪው ግቢ ውስጥ ናቸው ወይስ ከቤት ይጠራሉ? ደም ከየት ይመጣል? ልጁ ትንፋሽ ቢያጥረው የት ይሄዳል? «አይዞሽ፣ አታስቢ» ካሉሽ አልመለሱልሽም።

አማቴ «እኔ ሰባቱንም ቤቴ ነው የወለድኩት» እያለች አስቸገረችኝ። እኔ ባለፈው በምጥ ላይ ራሴን ስቼ ነበር።

አማትሽን በክርክር አታሸንፊያትም። ለክትትል ስትሄጂ ይዘሻት ሂጂ። ሐኪሙ ያለፈውን ሲያስረዳት ቁጭ ብላ ትስማ። ገንፎውን እሷ ታምጣ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሆስፒታልም ይባላል።

ፊስቱላ ተጠግኖልኛል። ባሌ አያውቅም። አረገዝኩ።

እንኳን ደስ አለሽ፣ እህቴ። ምጥ አትሞክሪም፤ በቀጠሮ በኦፕራሲዮን ትወልጃለሽ፤ አለበለዚያ ጥገናው ሊበላሽ ይችላል። ገና በመጀመሪያው ክትትል ለብቻሽ ሆነሽ ተናገሪ። ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከልም ያማክርሻል። ለባልሽ መንገር አለመንገሩ የአንቺ ነው።

ባለፈው ደም ግፊት ይዞኝ በ8 ወሬ ወለድኩ። አሁን ደግሞ አርግዣለሁ፣ ገና 2 ወሬ ነው።

ጥሩ ጊዜ ላይ ነሽ። ዝቅተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ከ12 ሳምንት ጀምሮ ሊታዘዝልሽ ይችላል። ራስሽ ገዝተሽ አትጀምሪ። የምትወልጂው ሆስፒታል ነው።

ሁለት ጊዜ ተሠርቻለሁ። አልትራሳውንድ የእንግዴ ልጁ ታች ነው አለ።

የእንግዴ ልጁ የድሮው ጠባሳ ላይ ተጣብቆ እንደሆነ በስፔሻሊስት ይታይ። ከተጣበቀ ብዙ ደም ይፈሳል። ትልቅ ሆስፒታል፣ በቀጠሮ። ደም ካየሽ፣ ባያምሽም፣ በዚያው ሰዓት ሂጂ።

ስፌት ያለብኝ ነኝ። መቼ ከቤት ልውጣ?

ምጡ እስኪጠነክር ቤት አትቆዪ። እንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ካየሽ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ወይም ስፌቱ ጋ ያለው ሕመም በምጥ መሃል አልተው ካለሽ ወዲያው ውጪ። ሌሊት ስልክ የሚያነሳ የሰፈር ባጃጅ ከአሁኑ አነጋግሪ። ሻንጣሽን ስታዘጋጂ ደግሞ ያንን የኦፕራሲዮን መውጫ ወረቀት ከልጁ ልብስ በላይ አድርጊው።