መልስ፦ ቮልቮ «የጡረተኛ መኪና» ነው?

ወንድሜ፣ ባለቤትህ ያገለገለ የቮልቮ ስቴሽን ዋገን እንግዛ ስትል ጓደኞችህ «የጡረተኛ መኪና» እያሉ እንደሚስቁብህ ጽፈሃል። እኔ ከባለቤትህ ጋር ነኝ።

ኩባንያው መሐንዲሱ ኒልስ ቦሊን የነደፈውን ባለ ሦስት ነጥብ የደህንነት ቀበቶ በመኪኖቹ ላይ የገጠመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ የፈጠራ መብቱንም ለሌሎች አምራቾች ክፍት አደረገው። የሚስቁብህ ጓደኞችህም ደረታቸውን አቋርጦ ወገባቸው ላይ የሚያርፈውን ያንኑ ቀበቶ ታጥቀው ነው የሚነዱት።

መሳቂያ ያደረገው ቅርጹ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1993 የተመረተው 240 የተባለው የቮልቮ ሞዴል በማስመሪያ የተሠመረ ሣጥን ይመስላል፤ አልክድም። ነገር ግን የኋላ በሩን ወደ ላይ ክፈትና ወንበሩን እጠፈው፤ የልጅ ጋሪ፣ ብስክሌትና የሳምንት አስቤዛ አንድ ላይ ይገባል። ሣጥን መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ኩባንያው ራሱ «የጡረተኛ መኪና» በሚለው ስም ቀልዶበታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በብሪታንያ የቱሪንግ መኪኖች (ለውድድር የተዘጋጁ የመንገድ መኪኖች) ውድድር ላይ ያሰለፈው 850 የተባለውን ስቴሽን ዋገን ነበር! አንድም ውድድር አላሸነፈም፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፦ የድሮ ዝና የድሮን መኪና አያድስም። 240ን ለትዝታ ተወው፤ ለልጆችህ የኤሌክትሮኒክ መረጋጊያ (መኪናው ሲንሸራተት የሚያስተካክል ሥርዓት) እና የጎን ኤርባግ ያለው አዲስ ሞዴል ፈልግ። ከመክፈልህ በፊትም ምንጣፉን ገልጠህ ዝገት እይ።