መብራቱ እየበራ ድምፅ የጠፋበት የመኪና ሬዲዮ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። የመኪናህ መገናኛ ሬዲዮ ይበራል፣ ስትናገር ሌሎቹ ይሰሙሃል፣ እነሱ ሲናገሩ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ስፒከሩ ግን ትንፍሽ አይልም። "ቦርዱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዛ" ብለውሃል። እኔንም ልክ እንዲሁ ብለውኝ ነበር። እንዳትገዛ!

ድምፁን ከፍ አድርገህ ሞክረሃል ብዬ ልለፈው።

1. ሞኒተር የሚለውን ቁልፍ ተጫን። ስኩዌልቹ፣ ማለትም ምልክት በሌለ ጊዜ ስፒከሩን ዝም የሚያሰኘው በር፣ ስለሚከፈት "ሽሽሽ" ማለት አለበት። ካለ ስፒከሩም ማጉያውም (አምፕሊፋየሩ) ደህና ናቸው፣ ችግሩ ሴቲንግ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሲቲሲኤስኤስ የሚባለው ቶን ነው፣ ከንግግሩ ጋር አብሮ የሚላክ ዝቅ ያለ መለያ ድምፅ፤ ያንተና የእነሱ ካልተመሳሰለ ሬዲዮው ምልክቱን ይቀበላል፣ አፉን ግን አይከፍትም። ምንም ካላለ ቀጥል።

2. ከኋላ ያለው የውጭ ስፒከር ጃክ። ውስጡ ቀጭን የብረት ምላስ አለች። የስፒከር ሶኬት ሲሰካ ትነሳና የውስጡን ስፒከር ታጠፋለች፣ ሲነቀል መመለስ አለባት። ዝገትና አቧራ ከያዛት ግን ንክኪው አይመለስም፣ የውስጡም ስፒከር እንደጠፋ ይቀራል። ሬዲዮውን አጥፍተህ ሶኬት ደጋግመህ ሰካ ንቀል፣ የኮንታክት ማጽጃም ትንሽ ንፋበት። እንደ ሞቶሮላ ጂኤም 300 ያለ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ባለ 16 ፒን ሶኬት አለው፤ 15 እና 16 በአጭር ሽቦ ካልተገናኙ የውስጡ ስፒከር አይሠራም። ሰው የሆነ ነገር ሲነቅል ያቺን ሽቦ አብሮ ይጥላታል፣ ከዚያ "ሬዲዮው ሞተ" ይባላል።

3. ስፒከሩን ከሬዲዮው ነጥለህ በቴስተር ለካው። ባለ 8 ኦም ከሆነ 7 አካባቢ ያሳያል። ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ብታስነካው ቀጭ ይላል። ዝም ካለ ቀይረህ ተገላገል። የእኔማ ስፒከር ደህና ነበር፣ ጣጣ ያመጣው የገጠመልኝ ሰው ነው። የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ የውጭ ስፒከር ሲገጥምልኝ አንዱን ሽቦ የመኪናው ቦዲ ላይ ማሳ (ኔጌቲቩ ላይ) አሰረው። "ይሄ ነገር ልክ ነው?" ስለው "ሁሉም እንዲህ ነው" አለኝ። ሬዲዮው ሲበራ አንዴ ጧ አለና ጸጥ!

ሁሉም እንዲህ አይደለም። አንዳንድ ማጉያ በአንድ ሽቦ ብቻ ድምፅ ያወጣል፣ ሌላው ሽቦ ማሳ ነው። ብዙ የሥራ ሬዲዮዎች ግን ድምፁን በሁለቱም ሽቦ ነው የሚያወጡት፤ በእያንዳንዱ ላይ የባትሪው ግማሽ፣ 6 ቮልት ገደማ ይቆማል። አንዱን ማሳ ላይ ካሳረፍከው ማጉያ አይሲውን፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላውን ቺፕ፣ ይጠብሰዋል።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ክዳኑንም ሳይከፍት "ቦርድ ነው" አለ። "አይሲው ብቻ ሊሆን አይችልም?" ብለው "ጠጋኙ አንተ ነህ እኔ?" አለኝ። ሬዲዮዬን አንስቼ ወጣሁ። ቤት ስከፍተው አይሲው ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ሥሩ ያለው ቦርድ ጠቁሯል፣ ሌላው ሁሉ ንጹሕ ነው። ቁጥሩን አንብቤ አምሳያውን ፈልጌ ራሴ በሶልደር ቀየርኩት። ይኸው እስከ ዛሬ ይጮኻል። አሁን በዚያ ሱቅ በር ሳልፍ ሆን ብዬ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ፣ ልጅነት ነው በለው።

4. የአንተ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርገህ፣ ሞኒተሩን እንደተጫንክ ከእያንዳንዱ የስፒከር ሽቦ ወደ ማሳ ለካ። ሁለቱም 6 አካባቢ ካሉ ሁለቱንም ሽቦ እስከ ስፒከሩ ድረስ ዘርጋ፣ ቦዲ እንዳይነኩ። አንዱ 6፣ ሌላው 0 ወይም 12 ካለ አይሲውን ጠርጥር። ሁለቱም 0 ከሆኑ ደግሞ አትቸኩል፤ ባለ አንድ ሽቦው ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ ወይ ለአይሲው ኃይል አልደረሰውም። ሬዲዮው እንደበራ የቴስተሩ ጫፍ ተንሸራቶ ሁለቱን እንዳያገናኝብህ ብቻ ተጠንቀቅ።

ሞዴሉን ጻፍልኝ፣ የኋላውን ሶኬት ፎቶም ላክ። ሞኒተር ስትጫን ምን እንዳለ ግን መጀመሪያ ንገረኝ።